ሃያ ስምንት ዲግሪ

ሒክማ ረመዳን አራት ዓመት ሙሉ የሰው አገር መስጊድ ስትስል ኖረች። የኢስፋሃንን አደባባይ፣ የፌዝን ቀጫጭን መንገዶች፣ የካይሮን ግቢዎች፣ የኢስታንቡልን ጉልላት ዐይኗን ጨፍና እስክትስላቸው ድረስ አጠናች። አንዱንም በእግሯ ረግጣው አታውቅም። ያደገችበት መስጊድ አንድ ነው፤ እሱም ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ፣ ታንኳ የሚሠራበትን ደንገል ከሚያጭዱና ዓሣ ከሚያጠምዱ ዘመዶቿ መንደር፣ ሐይቁ አፍ ላይ የቆመው የጭቃ መስጊድ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ምሰሶው የዋንዛ ግንድ፣ ምንጣፉ ደንገል። እሱን ስላው አታውቅም። ማንስ ይስለዋል?

በሙስሊሙ ዓለም ያለውን የሥነ ሕንፃ፣ የመልክዐ ምድርና የከተማ ንድፍ የሚያስተምሯት መምህር ጥዑመ ልሳን የቄስ ልጅ ናቸው፤ ስማቸውም አይደብቀውም። ስለ ሚህራብ ማውራት ሲጀምሩ ግን መስጊድ ውስጥ ያደጉትን ልጆች አፍ ያስከፍታሉ። ሚህራብ ሰጋጁ ወደ መካ እንዲዞር በፊተኛው ግድግዳ ላይ የምትበጅ ጎድጓዳ ቦታ ናት፤ «ሕንፃው በሙሉ ለዚህች ጎድጓዳ ሲል ነው የቆመው» ይሉ ነበር። አንድ ቀን ሥዕሉን ሁሉ አሳይተው ሲጨርሱ ሒክማ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ የእኛ አገሩስ መቼ ይመጣል?»

«የትኛው?»

«ጣና ዳር ያለው።»

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «አይመጣም። ማንም አልለካውማ» አሉ። «ለመመረቂያሽ አንቺ ለኪውና እኛም እናስተምረዋለን።»

ሒክማ ያን ቀን ከደስታዋ ብዛት ምሳዋን እንኳ በቅጡ አልበላችም። ከዩኒቨርሲቲው አጠገብ፣ ፔዳ ሰፈር ከጓደኞቿ ጋር የተከራየቻት ክፍል ገብታ፣ የመንደሩን መስጊድ ከእነ ኢስፋሃን ጎን በአንድ ገጽ ላይ አሰበችው። የሚገባው ቦታ እሱ ነው ብላ ከልቧ አመነች። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ከዚህ እምነት የመጣ ነው፤ ክፋት የለበትም። ክፋት ቢኖርበት ኖሮ ቢያንስ የሚረገም ሰው ይገኝ ነበር።

ኢማሙ ሸህ ቡርሀን ልለካ ብላ ስትጠይቃቸው ሳቁ። «ለኪ ልጄ፣ ለኪ። እኛ ምን የምንደብቀው ነገር አለንና?» አሉ፤ የሜትሩንም ጫፍ ራሳቸው ይዘው ከጥግ ጥግ አብረዋት ተጓዙ። ግድግዳው ሲያልቅ ሒክማ ከትምህርት ክፍሉ የተዋሰችውን የቅየሳ መሣሪያ ተከለችና የሚህራቡን አቅጣጫ ወሰደች። ቁጥሩን ስታየው መሣሪያውን ተጠራጠረች። ነቅላ እንደገና ተከለች፤ በማግስቱም ተመልሳ ለካች። ሁልጊዜም ያው ነው። ከባሕር ዳር መካ የምትገኘው በሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብላ ነው። መስጊዱ ግን ከዚያ በሃያ ስምንት ዲግሪ ወደ ምሥራቅ አልፎ ዞሯል።

«ሸህ፣ መስጊዱን ሲሠሩት አቅጣጫውን በምን ያዙት?» ብላ ጠየቀቻቸው።

ሸህ ቡርሀን ከአያታቸው የሰሙትን ነገሯት። ድሮ፣ ኮምፓስም አውሮፕላንም ሳይኖር፣ ከዚህ መንደር ሐጅ ለማድረግ የቆረጠ አንድ ሰው ነበረ፤ ስሙ ኑርሑሴን ይባላል። በታንኳ ወደ ምሥራቁ ዳር ተሻግሮ፣ ከዚያ በወረታ አድርጎ በእግሩ እስከ ትልቁ ባሕር ሊሄድ ነው። የመንደሩ ሰው በሙሉ ዳር ወጥቶ ሸኘው። ታንኳዋ እያነሰች፣ እያነሰች ሄዳ ውሃው ላይ ጠፋች፤ ኑርሑሴንም በዚያው ቀረ። ሰዎቹ መስጊድ ሊሠሩ ሲነሡ ቂብላው፣ የሚሰገድበት አቅጣጫ፣ ወዴት ነው ተባለ። ወደ መካ ሲሄድ በዐይናችን ያየነው ሰው እሱ ብቻ ነው፣ እሱ ወደ ሄደበት እንዙር ተባባሉ። ሚህራቡም ታንኳዋ ወደ ጠፋችበት ተቀና።

ሒክማ ደነገጠች፤ ወዲያው ደግሞ ልቧ በደስታ ዘለለ። ሰው በመሸኘት የተቀና መስጊድ! ይህንን የትኛው መጽሐፍ ላይ አይታው ታውቃለች?

«ታዲያ ጠሟል በይኛ?» አሉ ሸህ ቡርሀን፣ ፊቷን እያዩ።

«ጥቂት ነው ሸህ።»

«ጥቂቱ አይጎዳም። ሳያውቁ የሠሩት ነው፤ እኛም ሳናውቅ የሰገድነው ነው። አንቺ ግን ነገሩን እዚያው ወረቀትሽ ላይ ተይልኝ።»

«እሺ» አለች። እሺ ማለት ቀላል ነው።

አመሻሹ ላይ አባቷ ቤት ለራት ተቀመጡ። አባቷ ረመዳን ታንኳ ይሠራሉ፤ ቀኑን ሙሉ ደንገል ሲጠፍሩ ስለሚውሉ መዳፋቸው ከገመዱ አይተናነስም። ወንድሟ ካሊድ ከተማው ውስጥ ግሽ አባይ ሰፈር ከተከፈተች የስልክ ዕቃ ሱቁ መጥቷል። እናታቸው መሪማ ከሞተች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ከዚያ ወዲህ ካሊድ ሌላ ሰው ሆኗል፤ ሶላት አያሳልፍም፣ ቀልድ ቀንሷል፣ ለእናቱ ዱዓ ሳያደርግም ከማዕድ አይነሣም። የቀረበው የተጠበሰ የቆረሶ ዓሣ ነው። ሒክማ የመጀመሪያውን ጉርሻ ሳትውጥ አፏ አላስችል አላት።

«አባ፣ መስጊዳችን ምን ታሪክ እንዳለው ያውቃሉ?»

የኑርሑሴንን ነገር አሳምራ አወራችላቸው። አባቷ ሰዎቹ ታንኳዋ ወደ ጠፋችበት መዞራቸውን ሲሰሙ ከልባቸው ሳቁ። የእሳቸው ዘመዶች እንደሆኑ ያስታውቃሉ አሉ። ከዚያ ሒክማ አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን ከፍታ የመጥመሙን መጠን አሳየቻቸው።

«ይህን ያህል?» አሉ አባቷ።

«ይህን ያህል።»

ሳቃቸው ቆመ። የራሳቸውንም ጣቶች እንደ እሷ ከፍተው በመብራቱ አዩት። ካሊድ አንሥቶት የነበረውን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለሰ።

«እናታችንስ?» አለ።

«እናታችን ምን?»

«የሙታን ፊት ወደ መካ እንዲሆን መቃብሩ የሚቆፈረው በመስጊዱ ልክ አይደለም እንዴ? እናታችን ፊቷን ወዴት አዙራ ነው የተኛችው?»

ሒክማ ምሰሶውን፣ መስኮቱን፣ የጣሪያውን ቁልቁለት ሳይቀር ለክታለች። መቃብሩን ግን አላሰበችውም። ጣቶቿን እንደከፈተች ረስታቸው ኖሮ አሁን ጨበጠቻቸውና ከማዕዱ በታች ደበቀቻቸው። ዓሣው በዚያው ቀዘቀዘ።

በሳምንቱ ካሊድና የእሱ እኩዮች ወደ መስጊዱ ሲባጎ ይዘው ገቡ። ምንጣፉ ላይ ሲባጎውን ሰያፍ ወጠሩት፤ ካሁን በኋላ ረድፍ የሚያዘው በዚህ ነው አሉ። ካሊድ በስልኩ ላይ ያለውን ኮምፓስ ለሚጠይቀው ሁሉ ያሳያል። እህቴ ለክታዋለች ሲል ድምፁ ውስጥ ኩራት አለ፤ እህትየው ስትሰማው የሚያማት ደግሞ ይኸው ኩራቱ ነበር።

በሌላ አገር ቢሆን ነገሩ በሲባጎ ያልቅ ነበር። የእነሱ መስጊድ ግን ጠባብ ናት። ረድፉ ሰያፍ ሲሆን ሁለት ጥጎች ባዶ ይቀራሉ፤ በእነዚያ ጥጎች ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚያው ቦታ የቆሙ ሽማግሎች አሉ። ሽማግሎቹ ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም። አባታቸውና አያታቸው የቆሙበትን ግድግዳ ፊት ለፊት እያዩ ቆሙ። ጎረምሶቹም ሲባጎውን ይዘው ቆሙ። ሒክማ በዚያ ጁምዓ ከሴቶቹ ጋር ከመጋረጃው ጀርባ ነበረች፤ በመጋረጃው ክፍተት ያየችውን ማመን አቃታት። በአንዲት ክፍል ውስጥ፣ ከአንድ ኢማም ኋላ፣ ግማሹ ሰው ወዲህ ግማሹ ወዲያ ዞሯል። ሲንበረከኩ የአንዱ ራስ ከሌላው ጎን ተላተመ። አንድ ሽማግሌ ግንባራቸውን መሬት ሊያስነኩ ሱጁድ ሲወርዱ አንዱ ጎረምሳ በትከሻው ገፍቷቸው ጥምጥማቸው መሬት ወደቀ። ሳያስበው ነው የገፋቸው። ግን ሶላቱ በሰላምታ ሳይዘጋ ጩኸቱ ተነሣ፤ አንዱ የአንዱን ኮሌታ ያዘ፤ ሸህ ቡርሀን እጃቸውን ዘርግተው በመሐል ገብተው «ልጆቼ፣ ልጆቼ» እያሉ ይለምናሉ።

ከዚያ በኋላ መንደሩ ሁለት ሆነ። ወንድማማች ሰላምታ ተነፋፈገ። አንዲት የታጨች ልጅ እጮኛዋ ከሲባጎዎቹ ወገን ነው ተብሎ ጋብቻው ተራዘመ። በዚህ መሐል ነው ወረታ የሚነግዱት ሐጅ ካሚል ለእርቅ የተጠሩት። ሐጅ ካሚል ነገር ማንዛዛት አይወዱም። ሁለቱንም ወገን አዳመጡና፣ ይህችን አፍርሱና በብሎኬት አቅንታችሁ ሥሩ፣ ወጪው በእኔ ይሁን አሉ። ጎረምሶቹ አላሁ አክበር ብለው ተክቢር አሰሙ። ሽማግሎቹ አልተቃወሙም፤ ጭቅጭቁ ስላደከማቸው ነው እንጂ ልባቸው አልፈቀደም። ሸህ ቡርሀን፣ ሰው ከሚጣላ ግድግዳ ይፍረስ አሉ።

ንድፉን ማን ይሥራ ሲባል የሁሉም ዐይን ወደ ረመዳን ልጅ ዞረ።

እዚህ ላይ ለሒክማ ማዘን ያስቸግራል። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አብረዋት የሚማሩት ገና የወረቀት ቤት ያጣብቃሉ፣ እሷ ግን እውነተኛ መስጊድ ንደፊ ተባለች። እንቅልፍ አጥታ ሠራችው። ለሴቶች የራሳቸውን በር አወጣችላቸው፤ ሚህራቡ የሚያርፍበት ግድግዳ ወደ ውሃው ስለሚዞር የሐይቁ ብርሃን ከላይ እንዲገባ ቀጭን መስኮት አደረገችለት። ካሊድ ንድፉን ሲያየው ዐይኑ እንባ አቀረረ። መምህር ጥዑመ ልሳን ግን ገና ሳይጨርሱት ቀና አሉ።

«ፈቃድ አላችሁ?»

«የነበረው ቦታ ላይ ነው መምህር። እድሳት ነው።»

«የሐይቁ ዳር ጥብቅ ክልል ውስጥ አይደለም እንዴ? የነበረ ይቆያል፣ አዲስ አይገባም፤ አንቺው አይደለሽ በካርታሽ ላይ መስመሩን ያሰመርሽው?»

«እጠይቃለሁ» አለች። ልትጠይቅም አስባ ነበር። ነገር ግን ብጠይቅና እምቢ ቢሉስ የሚለው ሐሳብ ሲመጣባት ጥያቄውን ለነገ ታሳድረዋለች፤ ነገ ሲመጣ ደግሞ ለነገ። መስመሩን ታውቀዋለች። በቀይ ቀለም ያሰመረችው ራሷ ናት፤ መስጊዷ ከቀዩ መስመር ውስጥ፣ ውሃው ጥግ ድረስ ገብታ ቁጭ ብላለች። የነበረች ስለሆነች ነው ማንም ያልነካት። መኖሯ ነበር ፈቃዷ።

ያፈረሷት ከጁምዓ ሶላት በኋላ ነው። ቆርቆሮው ወረደ፣ ጭቃው ረገፈ። ረመዳን የዋንዛውን ምሰሶዎች አንድ በአንድ እየነቀነቁ በወጉ አወጧቸው፤ አንዱም አልተሰበረባቸውም። ሚህራቡ ሊመታ ሲል ሸህ ቡርሀን ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ሐይቁ ተቀመጡ። ሒክማ ምልክት ማድረጊያ ችካል በእጇ ይዛ ነበር። አቧራው ሳይረግብ አዲሱን መሠረት ዘረጋችው፤ ከድሮው ግድግዳ ልክ በሃያ ስምንት ዲግሪ ወደ ሰሜን የዞረ። ልጆቹ ወዲያው መቆፈር ጀመሩ።

መሠረቱ ጉልበት ያህል ሲደርስ የሐይቁን ዳር ከሚጠብቀው ቢሮ ሁለት ሰዎች በሞተር ሳይክል መጡ። ሰላምታቸው መልካም ነበር፤ ከመካከላቸው ትልቁ ጉድጓዱንና የተከመረውን ጭቃ አየ።

«እዚህ መስጊድ አልነበረም?»

«ነበር» አሉ።

«ማን አፈረሰው?»

«እኛው ነን» አሉ ረመዳን።

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። «ምነው ወገኖቼ! እሱ ቆሞ ቢሆን ማን ይነካችሁ ነበር?» አለና ቁፋሮው እንዲቆም ነገራቸው።

ወራት በመመላለስ አለቁ። ሒክማ የመመረቂያዋን ንድፎች ይዛ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ዞረች፤ መስጊዱ እንደነበረ፣ ምን ያህል እንደነበረ፣ በየት በየት በኩል በር እንደነበረው ሁሉን አሳየች። በመጨረሻ አንዲት ባለሙያ ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ ከልቧ ተመለከተችው። ንድፉን አድንቃ አልጠገበችም። ከዚያ ግን አሮጌውንና አዲሱን ንድፍ አንዱን ባንዱ ላይ ደርባ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘቻቸው። አራቱ ጥጎች አልተገጣጠሙም።

«እይው፤ ይህ የተጣመመ ነው፣ ይህ ሌላ ነው። እድሳት ብዬ እንዴት እጽፍልሻለሁ? በድሮው መሠረት ላይ፣ በድሮው ልክ ከሠራችሁት ግን እድሳት ነው፤ እፈርምላችኋለሁ። ክረምቱ ሳይገባ አምጡት። ጥብቅ ክልሉ ከክረምት በኋላ ይታጠራል።»

ሒክማ ከቢሮው እየሮጠች ወጣች ማለት ይቻላል። በድሮው ልክ! ግድግዳው እንደ ድሮው ይቆማል፣ ውስጡን በሲባጎ ያቀኑታል፤ ደግሞም ትንሽ ሰፋ ያለ ጣሪያ... ባጃጅ ላይ ሆና ሁሉንም በልቧ ጨርሳው ነበር። ሽማግሎቹ ሲሰሙ አልሐምዱሊላህ ብለው እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሡ። ሸህ ቡርሀን ምሰሶዎቹን ነገውኑ እንትከል አሉ። የቀረው ካሊድ ነበር፤ ካሊድ እሺ ካለ ጎረምሶቹ እሺ ይላሉ። ሱቁ ድረስ ሄዳ ባለሙያዋ ያለችውን ነገረችው።

«አውቄ?» አለ ካሊድ፤ አንድ የተሰበረ ስልክ እየፈታ ነበር።

«ሸህ ቡርሀን አይጎዳም ብለዋል።»

«እሱን ያሉት ለማያውቅ ሰው ነው። ኑርሑሴንን የሸኙት አላወቁም፤ አባም አላወቁም፤ እማማም አላወቀችም፤ አላህ ይምራቸዋል። እኔስ? ሃያ ስምንት ዲግሪ ጠማማ መሆኑን እያወቅሁ፣ በእጄ መሠረት ጥዬ፣ ጠማማ የአላህን ቤት ልሥራ?»

«ካሊድ፣ ያለዚያ ምንም አይኖረንም እኮ!»

«አንቺ ባትለኪው ኖሮ እኔ ባላወቅሁ ነበር» አለ። አልጮኸባትም። ቢጮኽባት ትመርጥ ነበር። «አሁን ግን አውቄአለሁ። እንዴት አድርጌ ልርሳው? ንገሪኝና ልርሳው።»

እግሩ ላይ ወድቃ ለመነችው፤ አነሣት፣ አቀፋት፣ አብሯትም አለቀሰ፤ እሺ ግን አላለም። ሐጅ ካሚልም ነገሩን ሲሰሙ፣ ቃል ኪዳናቸው ለቀጥተኛ መስጊድ እንጂ ለጠማማ እንዳልሆነ በሰው ላኩ። እንዲህ ሲባባሉ ክረምቱ ገባ። ጉድጓዱ ውሃ ያዘ፤ ሐይቁም ሞልቶ እስከ አፉ ደረሰ። ውሃው ሲሸሽ ደንገል በቅሎበት ነበር። ከመስከረም በኋላ አጥሩ መጣ፤ ረመዳን ለይተው ያስቀመጧቸው ምሰሶዎችም አንድ በአንድ ለማገዶ ሄዱ።

ጎረምሶቹ ከተማ ላሉት ትልልቅ መስጊዶች ተከፋፈሉ፤ ባጃጅም አላቸው፣ እግርም አላቸው። ሽማግሎቹ ግን የት ይሂዱ? በየቤታቸው ቀሩ። ሸህ ቡርሀንን ልጃቸው መጥታ ወደ ወረታ ወሰደቻቸው፤ ሲሄዱ ማንንም አልተሰናበቱም። እሳቸው ሄደው አዛን ያልነበረበት የመጀመሪያው ንጋት ላይ የመንደሩ ሰው እንደተለመደው ነቅቶ፣ ተጣጥቦ፣ ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ ጠፋው።

ሒክማ የመመረቂያዋን ጽሑፍ አቀረበች። ፈታኞቹ በጣም አደነቁ፤ አንዱማ መስጊዱ ከፈረሰ ወዲህ ብቸኛው ማስረጃ ይህ ስለሆነ ዋጋው እጥፍ ሆኗል አላት። ሊያስደስታት ነው የተናገረው። አመስግና ቁጭ አለችና እስከ መጨረሻው ቀና አላለችም። መምህር ጥዑመ ልሳን ብቻ ሁሉም ከወጡ በኋላ አጠገቧ መጥተው ተቀመጡ። «ለኪው ያልሁሽ እኔ ነኝ» አሉ፤ እሷም «የለካሁት ግን እኔ ነኝ መምህር» አለች።

ለረመዳን ቤታቸው ወለል ላይ በኖራ መስመር አሰመረችላቸው፤ በትክክል፣ በመሣሪያው አይታ። በዚያ ላይ ይቆማሉ። ነገር ግን ተክቢር ከማለታቸው በፊት ዘወር ብለው ያዩዋታል።

«ይህ ነው አይደል?»

«ይኸው ነው አባ።»

በዐስር ሶላት ላይም ይጠይቃሉ፤ መግሪብ ላይም ይጠይቃሉ። ጉም ሐይቁን ሲሸፍነው፣ የሌላው ታንኳ ሲጠፋ፣ የእሳቸው ቀጥ ብላ ደጃቸው የምትደርስላቸው ሰው በራሳቸው ቤት ውስጥ አቅጣጫ ይለምናሉ። አንድ ቀን ሒክማ አላስችላት ብሎ፣ መስመሩ አይለወጥም እኮ አባ፣ ለምን ይጨነቃሉ አለቻቸው። አባቷ በኖራው ላይ እንደቆሙ አሰቡበት።

«ያኔ ጠምሜም ቢሆን ከሰው ጋር ነበርሁ» አሉ። «አንዱ ከግራዬ፣ አንዱ ከቀኜ፤ ትከሻቸው ሲነካኝ አውቀው ነበር። አሁን ቀንቻለሁ። ብቻዬን ነኝ፤ በምን ልወቅ?»

ሒክማ ኩሽና ገባች። የምትሠራው ነገር አልነበራትም፤ በሩን ዘግታ ቆማ አለቀሰች።

ከተመረቀች በኋላ አንድ የንድፍ ቢሮ ውስጥ ሥራ ያዘችና ፔዳ መኖሯን ቀጠለች። አባቷ ይደውላሉ። መጀመሪያ በሳምንት አንዴ ነበር፤ ኋላ የሰው ቤት በሄዱ ቁጥር፣ ሌላ ክፍል ባደሩ ቁጥር መደወል ጀመሩ። ባልደረቦቿ የስልኩን ጥሪ ሲሰሙ፣ የሒክማ አባት ጠፉ እያሉ ይቀልዱባት ነበር። እሷም አብራቸው ፈገግ ትላለች።

መንገዱ ሰላም በነበረ አንድ ቀን፣ ከምሳ በኋላ ስልኳ ጠራ። ከበስተጀርባ የሰው ድምፅ ይሰማል።

«ሒክማ፣ ወዴት ነው?»

«የት ነዎት አባ?»

«ሐሙሲት። ለቅሶ መጥቼ። የዐስር ሶላት ደርሶ መስጊድ ገባን፤ በዕድሜ ትልቁ አንቱ ነዎት፣ ያሰግዱን አሉኝ። ልታጠብ፣ ውዱእ ላድርግ ብዬ ወጣሁ።»

ሒክማ ልታስብ ሞከረች። እቤት ቢሆን ወደ ሐይቁ ይዙሩ ትላቸው ነበር። ሐሙሲት ላይ ግን ሐይቁ በሌላ በኩል ነው፤ የትኛው መስጊድ፣ ከአስፋልቱ በየትኛው ወገን እንደሆነ አታውቅም። ከወንበሯ ተነሣች።

«ሚህራብ አለው አይደል? ሚህራቡ ፊት ይቁሙ።»

«አለው። ትንሽ ናት፤ እንደኛዪቱ የጭቃ ናት።»

«እንግዲያው ምን ያስጨንቅዎታል? ሰዎቹ ወደዞሩበት ይዙሩ፤ አብረዋቸው ይስገዱ አባ።»

በስልኩ ውስጥ ሰዎች ሲጠሩዋቸው ተሰማ፤ ሸህ ረመዳን፣ ሰልፉ ቆሟል፣ እርስዎን ነው የምንጠብቅ እያሉ። አባቷ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማቸው እንደሚፈሩ ሁሉ ጠየቋት።

«እነሱንስ ማን ለካቸው?»